የኢየሩስ እሺታ

እንጀራ እናት በተረት ውስጥ አንድም ቀን ቀንቷት አያውቅም። ወይ ልጅ ስታስርብ ትያዛለች፣ ወይ በወንፊት ውኃ ቅጂ ብላ ስታዝ ትሰማለች፤ መጨረሻዋም አያምርም። ተረት አውሪዎቹ ኢየሩስን ስለማያውቋት ነው እንጂ ቢያውቋት ግማሹን ይሰርዙት ነበር። ኢየሩስ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት። ምላሷ ከመቀሷ አያንስም። "ሐሙስ ይደርሳል" ካለች ሐሙስ ይደርሳል፤ "አይደርስም" ካለች ደግሞ ርእሰ መምህሩ ራሱ መጥቶ ቢለማመጣት አይደርስም። ቃሏን ስታጥፍ ያያት ሰው የለም። በኋላ ጉድ የሠራትም ይሄው ጠባይዋ ነው።

አቢጋኤል እዚያ በረንዳ ላይ የደረሰችው በዓመት ከሁለት ወሯ፣ በአባቷ በዘካሪያስ ትከሻ ላይ ሆና ነው። ዘካሪያስ ከገረሴ ደጋ ወርዶ ሲቀላ አናጺነት የሚሠራ፣ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ሱሪው እስኪያልቅ ልጅቷን የጨርቅ ክምር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። "ሱሪህን ይዘህ ሂድ፤ እሷን ስትነቃ ትወስዳታለህ" አለችው ኢየሩስ። ልጅቷ ነቃች እንጂ ከዚያ ቤት ጠቅልላ አልወጣችም። በዓመቱ ተጋቡ። ሰፈሩም "ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ትዳር ይዞ ቀረ" እያለ ሲስቅባቸው ከረመ።

አምና በጥር ዘካሪያስን ጉበቱ ወሰደው። ድንኳኑ ሳይፈርስ ወንድሙ ክብሩ ከገረሴ ወረደና በለቀስተኛ መሐል "የወንድሜ ልጅ ሰው ቤት አታድግም" አለ። ሰው ቤት! ኢየሩስ እንባዋ ድርቅ አለ። ትኩሳት በተነሳ ቁጥር ግንባር ስትዳብስ ያደረች፣ ጸጉር የጎነጎነች፣ የማባዣ ሰንጠረዥ አብራ ያነበነበች ሴት በአንድ ቃል ሰው ቤት ሆነች።

ክብሩ ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ አለዚያ አንባቢ ክፉ ሰው ፍለጋ ይደክማል። እንሰቱና ገብሱ የሞላለት፣ አራት ልጆቹን በሥርዓት የሚያሳድግ፣ ወንድሙን ከልቡ ይወድ የነበረ ገበሬ ነው። በአገሩ ደንብ የሟች ልጅ ወደ ወንድሙ ቤት ይገባል፤ ያልሰበሰበ ወንድም ይታማል። ስለዚህ ክብሩ የአቢጋኤል ሞግዚትና አሳዳሪ ሆኖ እንዲሾም አርባ ምንጭ ላይ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ኢየሩስም ተቃወመች።

ሕጉ ለክብሩ ያደላ ይመስል ነበር። እናትም አባትም ለሌሉት ልጅ መጀመሪያ አያት፣ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሰ ወንድም ወይም እህት፣ ከዚያ አጎትና አክስት እያለ ይወርዳል። አቢጋኤል ከአጎት በቀር ማንም የላትም፤ እንጀራ እናት የሚባል ነገር ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኢየሩስ ይሄን የሰማችው ከጠበቃ አይደለም፤ ማመልከቻ ከጻፈላት ራፖር ጸሐፊ ነው። "እንግዲህ እዚያም ተረት ነው ያለው በለኛ" አለችው።

ዳኛዋ ወይዘሮ ሊሻን ግን የምትቸኩል ሴት አልነበረችም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱንም ወገን ሰማችና የፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሁለቱንም ቤት አይታ ሪፖርት እንድታቀርብ አዘዘች። ባለሙያዋ ገረሴ ወጥታ የክብሩን ቤት አየች፤ ሲቀላ መጥታ አቢጋኤል የሽፈራው ቅጠል ስትሸመጥጥ፣ ደብተሯን ስታሳይ አየች፣ ኢየሩስን "እማ፣ ክሩ አለቀ" ስትል ሰማች። ስትወጣ በሩ ላይ ፈገግ አለች። ኢየሩስ ያቺን ፈገግታ ይዛ ሳምንት ሙሉ ስትዘምር ሰነበተች። በቸርችም ዘማሪ ናት፣ ድምጿ አያሳፍርም።

እንዲህ ነገሩ መስመር በያዘበት ሰዓት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከገረሴ አምስት ሽማግሌዎች ወረዱ።

ከፊት ያሉት አባባ ዳልጮ ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ በሲቀላ ሙቀት ቡሉኮ የማያወልቁ አዛውንት። ኢየሩስ መኪናዋን አቁማ "ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ" ስትል አልተቀመጡም። ከቡሉኳቸው ሥር እርጥብ ሳር አወጡ፣ በሁለት እጃቸው ያዙና እዚያው በረንዳው ላይ፣ ከተቆራረጠው ጨርቅ መሐል፣ ተንበረከኩ። አራቱም ተከትለዋቸው ተንበረከኩ። ባጃጆቹ እንኳ ቀዝቀዝ ብለው አለፉ። 

ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲንበረከክ እምቢ አይባልም። ሰው የገደለና ወንድሙ የተገደለበት ፊት ለፊት ቆመው፣ ጦር ተመዝዞ፣ ሽማግሌ ሳር ይዞ መሐል ከገባ ጦሩ ይወርዳል። እምቢ ያለ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ ማለት ደንብ በጣሰ ላይ የሚወርድ ጦስ ነው፤ እርሻ ያደርቃል፣ ከብት ይጨርሳል፣ ከሁሉ በፊት ግን የሚያሳምመው የጣሰውን ሰው ልጅ ነው ይላሉ። ኢየሩስ ጎሜ አማኝን አይነካም ብላ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ያስተማረች ሴት ናት። ሰማንያ ዓመት የሞላው ጉልበት በረንዳዋ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ግን ያስተማረችውን ሁሉ ረሳችው።

"ልጄ" አሉ አባባ ዳልጮ፤ "ክስ ቤት ያፈርሳል። ክብሩም የኛ ነው፣ አንቺም የኛ ነሽ። አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ልጅቷ ወደ አባቷ አገር ትመለስ፣ እናንተም ታረቁ። እሺ እስክትይን አንነሳም።"

"አባባ፣ በእግዚአብሔር ይነሱ፤ ተነሱና እንነጋገር" አለች። ማንም አልተነሳም። የአባባ ዳልጮ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ሰው ተሰበሰበ። ኢየሩስ አንዴ ወደ ሰው፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው አየች፤ ከአፏ የወጣው "እሺ" ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ መርቀዋት፣ ሳሩን እጇ ላይ ትተው፣ የእርቅ ወረቀት አስፈርመዋት ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በዚያ ሁሉ ሰዓት አቢጋኤል ከበሩ ኋላ ነበረች። በስንጥቁ ሁሉንም አይታለች። አምስቱ ሽማግሌዎች ለኢየሩስ ተንበረከኩ፣ ኢየሩስን ጠየቁ፣ ኢየሩስን መረቁ። የምትሄደውን ልጅ ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ "እማ" ማለት አቆመች። አትቆጣም፣ አታለቅስም፤ ስትጠራት ትመጣለች፣ ስትታዘዝ ትታዘዛለች፣ ግን ስም አትጠራም። "ክሩ አለቀ" ትላለች፤ ያለ እማ። ኢየሩስም ምን ትበላት? አልሰጠሁሽም እንዳትላት እሺ ብላለች። ልታስረዳት ስትነሳ እንባዋ ይቀድማታል፤ ስለዚህ አፍ አላወጣችም፣ እንደ ልማዷ በእጇ ተናገረች። ገረሴ ብርድ ነው። ካለው ሱፍ ጨርቅ ሁሉ ጥሩውን መርጣ ለአቢጋኤል ካፖርት ሰፋችላት። ልጅ ታድጋለች ብላ የእጅጌውንም የታችኛውንም እጥፍ አራት አራት ጣት አስቀረችለት።

ጎረቤቷ ዙሁራ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት፣ ነገሩ አልዋጥላት አለ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሳር ነው ወይስ ካቴና ነው ያስያዙሽ? ለዳኛዋ ቁልጭ አድርገሽ አትነግሪያትም?" አለቻት።

"እሺ ብያለሁ እኮ ዙሁራ። ሳር ተቀብዬ ካፈረስኩና ልጅቷ ነገ ብትታመምብኝስ?"

"እስቲ አሁን ደህና ናት? እያት!"

ኢየሩስ አየቻት። አቢጋኤል ደረጃው ላይ ተቀምጣ ልብሶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች፤ ማንም ሳያዛት።

ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። ኢየሩስና አቢጋኤል በባጃጅ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ወደ ሴቻ ወጡ። ክብሩ ኮቱን ለብሶ፣ ሽማግሌዎቹም ቡሉኳቸውን ደርበው ችሎቱ ውስጥ ቀድመው ተቀምጠዋል። አቢጋኤልን ባለሙያዋ እጇን ይዛ ወደ ቢሮዋ ወሰደቻት።

ዳኛ ሊሻን የእርቁን ወረቀት አነበበች። "ወይዘሮ ኢየሩስ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ፈቅደው ነው የፈረሙት?"

 "እሺ ብያለሁ" አለች።

ክብሩ የተጠናቀቀ መስሎት ተነሳ። "አቶ ክብሩ፣ ይቀመጡ" አለች ዳኛዋ። "ሽማግሌ ሲያስታርቅ ፍርድ ቤት ደስ ይለዋል። የመሬት ጉዳይ ቢሆን አሁኑኑ አጽድቄው እንሰነባበት ነበር። ይህች ግን ልጅ ናት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለተስማሙባት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ አትተላለፍም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሠላሳ ስድስት ላይ ልጅን በሚመለከት ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚያየው የልጁን ደኅንነትና ጥቅም ነው ይላል። እኔን የሚያዘኝ እሱ ነው። ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግራለሁ።"

ካባዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ወደ ባለሙያዋ ቢሮ ገባች። ችሎቱ ጠበቀ። ኢየሩስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ ቆጣሪው የቆመ መሰላት፤ እውነትም ቆሞ ነበር፣ ባትሪ የለውም። አባባ ዳልጮ ያንቀላፋሉ።

ዳኛዋ ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ካባዋን ለበሰች፤ ወረቀት ገለጠች።

"ልጅቷን የት መኖር እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ገረሴ ብላለች።"

ክብሩ "እግዚአብሔር ይመስገን!" አለ። ኢየሩስ የያዘችውን አግዳሚ ወንበር የበለጠ ጨበጠች። 

"እንግዲህ" አለች ዳኛ ሊሻን፤ "ሕጉ ዘርዝሮ ያስቀደመው አጎትን ነው። ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ልጅቷ አጎት ቤት ትግባ ብለው ነው። ልጅቷም አጎቴ ቤት ብላለች። ሦስቱም አንድ በር ነው የሚያሳዩኝ። የልጅ ቃል ይሰማል፤ ለምን እንደተባለ ደግሞ ይመረመራል። ስለዚህ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። የመለሰችውን እንዳለ ነው የጻፍኩት።" መነጽሯን አስተካከለችና አነበበች፦

"'ሰጥታኛለች። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ካፖርት ሰፍታልኛለች። እጥፉ አራት ጣት ነው፤ እሷ ለአንድ ዓመት ሁለት ጣት ነው የምታስቀረው። ቶሎ አትመልሰኝም ማለት ነው። ካልፈለገችኝ ገረሴ ይሻለኛል።'"



"ወይዘሮ ኢየሩስ፣ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳር ይዘው ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ምን ይሉኝ ነበር?"

ኢየሩስ ዞር ብላ አባባ ዳልጮን አየቻቸው። ነቅተዋል። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ካፈረሰች በጋሞ ፊት ቃል አጥፋ ትሆናለች፤ እናቷ መቃብር ላይ እንኳ ይወራባታል። ጎሜውም አለ። ግን አራት ጣት! እሷ ለልጅቷ ብላ ያስቀረችው እጥፍ ልጅቷ ላይ ፍርድ ሆኖ ተነበበ።

"እፈልጋታለሁ!" አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እፈልጋታለሁ። ልጄ ናት። አልወለድኳትም፤ እና ምን ይሁን? እሺ ያልኩት ሽማግሌ እግሬ ሥር ወድቆ ነው። እጥፉን ያስቀረሁት እዚያ ማን ይሰፋላታል ብዬ ነው፣ እንዳትመለስ ብዬ አይደለም። ጎሜ ካለ በኔ ላይ ይሁን፣ በሷ ላይ አይሁን። ውሸታም በሉኝ፣ ቃል አጥፋ በሉኝ፣ ልጄን ግን አልሰጥም!"

ክብሩ ብድግ አለ። "ሳር ተቀብላ! ሳር ተቀብላ ታፈርሳለች እንዴ!" ዳኛዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረገች፤ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ውሳኔ እንደምትሰጥ ተናግራ ችሎቱን አነሳች።

በስምንት ሰዓት ውሳኔው ተነበበ፤ ሦስት ገጽ ነበር። ኢየሩስ የገባት ግማሹ ነው። ዝርዝሩ ዘመድን የሚያስቀድመው ለልጅ ይበጃል ተብሎ ስለሆነ፣ ለልጅ የማይበጅ ሲሆን ፍርድ ቤት ሊያልፈው እንደሚችል፤ አቢጋኤል ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናት ብላ የምታውቀው፣ ትምህርቷም ጓደኞቿም ያሉት ሲቀላ እንደሆነ፤ ገረሴ ያለችው ወድዳው ሳይሆን የተጣለች መስሏት እንደሆነ። አሳዳሪና ሞግዚት፦ ወይዘሮ ኢየሩስ። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ ገረሴ አጎቷ ቤት ትከርማለች፤ አጎቷም በፈለገ ጊዜ መጥቶ ያያታል። ክብሩ ይግባኝ እንዳለው ተነገረው። "አስብበታለሁ" አለ፤ ድምጹ ግን ደክሞት ነበር።

ኢየሩስ እየሮጠች ወጣች። አቢጋኤል ግቢው ውስጥ፣ ማንጎ ዛፉ ሥር፣ ካፖርቷን ታቅፋ ቆማለች። ባለሙያዋ ነግራታለች። ኢየሩስ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ቤታችን እንሄዳለን እኮ" አለች ኢየሩስ። "አልነገሩሽም?"

"ነግረውኛል።" ካፖርቱን ጠበቅ አደረገችው። "ዳኛዋ ናት እምቢ ያለችው። አንቺ እሺ ነበር ያልሽው። ነገ ደግሞ ሳር ይዘው ቢመጡስ?"

ኢየሩስ እምቢ እላለሁ ልትላት ነበር። ቃሏን ግን ማን ያምናል? ለሽማግሌዎቹ የሰጠችውን ዛሬ አፍርሳለች፤ ለልጅቷ ደግሞ ያኔውኑ አፍርሳለች። ማኅተም የተመታበት ሦስት ገጽ ውሳኔ እጇ ላይ አለ፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን አይበቃም።

ጎንበስ አለች። ከማንጎው ሥር፣ የተረጨ ውኃ ከሚጠራቀምበት፣ እርጥብ ሳር ነጨች። በሁለት እጇ ያዘችውና ጠጠሩ ላይ፣ ልጅቷ ፊት፣ ተንበረከከች።

ሽማግሌዎቹ በሩ ጋ ደርሰው ነበር፤ ቆሙ። "ኧረ ምን ዓይነት ነውር ነው!" አለ ክብሩ። "ለሕፃን ሳር ይያዛል እንዴ?"

አባባ ዳልጮ በከዘራቸው ገታ አደረጉት። "ተው። ያን ቀን የተንበረከክነው ለአንዷ ብቻ ነው። ይቺኛዋን አልጠየቅናትም።" እዚያው ቆመው ቀሩ።

አቢጋኤል ሳሩን አየችው። በበሩ ስንጥቅ ያየችው ነገር ስለሆነ ምን እንደሆነ ታውቃለች። "እሺ ካላልኩ አትነሺም?"

"አልነሳም።"

"ምንድነው እሺ የምልሽ?"

"ይቅር በይኝ። ሳልጠይቅሽ ሰጥቼሻለሁ። ሁለተኛ፣ አንቺን ሳልጠይቅ ለማንም እሺ አልልም።"

"እምቢ ብልስ?"

"እዚሁ ነኝ።"

ልጅቷ አሰበችበት። "ቆዪ እስቲ" አለች፤ ቆዪ ያለችውም ከምሯ ነው። ባለጉዳይ እየወጣ አለፈ፣ እየዞረም አየ። አንድ ጥበቃ "እትዬ፣ ምን ነካዎት?" ብሎ መልስ ሳያገኝ ሄደ። ጠጠሩ የኢየሩስን ጉልበት በላው፤ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። አቢጋኤል ያን እስክታይ ጠበቀች።

ከዚያ ካፖርቱን መሬት አስቀምጣ ሳሩን በሁለት እጇ ተቀበለች።

"እሺ" አለች። "አሁን ተነሺ፣ እማ። ቀሚስሽ ቆሸሸ።"

እማ ካለቻት ሃያ ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ኢየሩስ ቆጥራዋለች።